ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ በፊት መሬቱን ማን ጠየቀው? ስለ ጂኦሎጂና አፈር ግምገማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፕሮጀክቶችን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሪፖርት ማንበብ የዕለት ሥራዬ ነው። በየሪፖርቱ ቶሎ የሚታለፈው ክፍል ስለ ድንጋይና አፈር የሚያወራው ነው። ሁለት ገጽ፣ አንድ ባለ ቀለም ካርታ፣ አለቀ። ስለ ውሃና ስለ አየር የሚጨቃጨቅ ሰው እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ቢሆንም ጥያቄው አልቀረም። ባለሀብት፣ ጀማሪ ባለሙያ፣ መሬቱ የሚነካበት ገበሬ፣ ሁሉም ይጠይቃል። የተደጋገሙትን እነሆ። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ክፍል በትክክል የሚያጠናው ምንድን ነው?

ሁለት ነገር። ፕሮጀክቱ መሬቱን ምን ያደርገዋል? መሬቱስ ፕሮጀክቱን ምን ያደርገዋል?

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያስበው። መንገድ ሲወጣ አፈር ይቆረጣል፣ ፋብሪካ ሲተከል እርሻ ይጠፋል፣ ከጋራዥ ዘይት ይፈስሳል። ልክ ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። አፈሩ ያብጥ ይሆናል። ተዳፋቱ ይንሸራተት ይሆናል። ከሥር ያለው አለት ውሃ ያሾልክ ይሆናል። ሁለቱ ደግሞ ተያያዥ ናቸው። መንገዱ የተራራውን እግር ሲቆርጠው ተራራው በክረምት መንገዱን ይቀብረዋል። አንዳንዴም ከመንገዱ በታች ያለውን መንደር ጭምር።

ለመሠረት የአፈር ምርመራ አስደርገናል። አይበቃም?

አይበቃም። ይህን ጥያቄ በሳምንት አንድ ጊዜ ሳልሰማ አልውልም።

ለመሠረት የሚደረገው ምርመራ አፈሩን የሚያየው እንደ ተሸካሚ ነው። ስንት ኪሎ ይችላል? ስንት ይሰጥማል? የላይኛውን ግማሽ ሜትር እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ «ይነሳ» ብሎ ያልፋል። የእርሻ አፈር ባለሙያ ግን መጀመሪያ የሚያየው ያንን ግማሽ ሜትር ነው። ለእሱ ሀብቱ እዚያ ነው፤ ሥሩ፣ ትሉ፣ ብስባሹ። አንዱ የሚጥለውን ሌላው ይሰበስባል።

በዚያ ላይ የመሠረት ምርመራ የሚቆፍረው ሕንጻው የሚያርፍበት ላይ ነው። ተፅዕኖው ግን ከአጥሩ ውጪም አለ። የመዳረሻ መንገዱ፣ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ፣ ትርፍ አፈር የሚደፋበት ቦታ፣ ከግቢው የሚወጣው ጎርፍ የሚያርፍበት ማሳ። እነዚህን ማንም አልቆፈራቸውም።

በሕግ ግዴታ ነው ወይስ ምክር?

ግዴታ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ደነገገ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ላይ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። የጥናቱ ጥልቀት ግን እንደ ፕሮጀክቱ ይለያያል። ለትንሽ የዳቦ መጋገሪያና ለግድብ አንድ ዓይነት ቁፋሮ አይጠየቅም።

የመንግሥት የጂኦሎጂ ካርታ አለ። እሱን ካስገባን ለምን እንቆፍራለን?

ካርታው መነሻ ነው። ጥሩ መነሻ። ግን ስኬሉን አይተህ ታውቃለህ? በብዛት ሪፖርት ውስጥ የሚገባው የ1 ለ250,000 ካርታ ነው። በዚያ ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት መሬት ላይ 250 ሜትር ነው። በሁለት ድንጋዮች መካከል የተሰመረችው ቀጭን መስመር ራሷ የአንድ ሰፈር ስፋት አላት። የአገሪቱን ሙሉ ካርታ ካስገቡልህማ፣ እሱ 1 ለ2,000,000 ነው፣ 1 ሚሊ ሜትር 2 ኪሎ ሜትር ሆነ። ፋብሪካህ በነጥብ ሥር ጠፋ ማለት ነው።

አንዴ ያጋጠመኝን ላውራ። ሪፖርቱ ደጋ ላይ ስለሚተከል ፋብሪካ ነው። አምስተኛው ገጽ ላይ «በሐይቁ ዳርቻ ያለው አሸዋማ አፈር» ይላል። ሐይቅ? በሃምሳ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ሐይቅ የለም። አማካሪው ስምጥ ሸለቆ ላይ ከሠራው የቆየ ሪፖርት ገልብጦ ቦታውን መቀየር ረስቷል። ስጠይቀው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ሪፖርቱን መለስኩት።

እሺ ጉድጓድ ተቆፈረ። ውስጡ ምን ይታያል?

ይኼ የሥራው ደስ የሚለው ክፍል ነው፣ ታገሡኝ።

ለአፈር ጥናት የሚቆፈረው ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይጠልቃል። አንዱን ግድግዳ ፀሐይ እንዲያገኘው አድርገህ በቢላዋ ትጠርበዋለህ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ነው።

ከላይ የጠቆረው ንብርብር ለሙ አፈር ነው። ሥር ይበዛበታል። በጣትህ ስትፈረክሰው እንደ እንጀራ ፍርፋሪ ይበተናል። ውፍረቱን በሜትር ትለካለህ። 15 ሳንቲም ሊሆን ይችላል፣ 40ም ሊሆን ይችላል፤ ይህች ቁጥር በኋላ ብዙ ታወራለች። ወረድ ስትል ግራጫ መሬት ላይ ዝገት የመሰሉ ነጠብጣቦች ካየህ ውሃ እዚያ ለወራት እንደሚተኛ ዕወቅ። በየካቲት ቆፍረህ ጉድጓዱ ደረቅ ቢሆንም ነጠብጣቡ በሐምሌ ምን እንደሚሆን ይነግርሃል። ነጭ ጠጠር የመሰለ ነገር ካገኘህ ትንሽ አሲድ ጠብ አድርግበት። ከፈላ ኖራ ነው።

ዋልካ፣ ማለትም ሲርስ የሚያብጥ ጥቁር ሸክላ አፈር፣ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ላይ በሳሙና የተወለወለ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ገጽ ታያለህ። አፈሩ ሲያብጥና ሲጨማተር እርስ በርሱ እየተፋጨ ያወጣው ወዝ ነው። ያንን ያየ ሰው የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ መሠረቱን በዕቅዱ ላይ ማስተካከል ይጀምራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የዋልካ ጉድጓድ ግድግዳ ሳይናገር ይደረመሳል። ከደረት በላይ ከጠለቀ ያለ ድጋፍ አትግቡበት።

ዋልካ ላይ መሥራት አይቻልም እንዴ?

ይቻላል። ግማሽ አዲስ አበባ ምን ላይ ነው ያለው? ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ ለቡ፣ አቃቂ... ዋልካ ያለበትን ሰፈር ከመቁጠር የሌለበትን መፈለግ ይቀላል። በአገር ደረጃ ይህ ጥቁር አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል። ጤፍና ሽንብራ ይወዱታል። አጥርና ወለል ግን ይፈሩታል።

ጠባዩ ቀላል ነው። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በሚያዝያ እርሻ ላይ ስንጥቁ ክንድ እስከ ክርን ይውጣል። ቤቱ መሀል ያለው አፈር ጣሪያ ስላለው ብዙም አይለዋወጥም። ዳር ዳሩ ግን በየዓመቱ ይነሳል ይወድቃል። የግድግዳው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከበርና ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚጀምረው ለዚያ ነው።

ራስህ መሞከር ትችላለህ። ደረቁን አፈር ፈጭተህ ንፋው። 10 ሚሊ ሊትር ለክተህ 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባለ መስመር ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለህ ጨምር። ለአንድ ቀን ተወው። ማግስቱን 20 ላይ ከደረሰ በእጥፍ አብጧል፣ መቶ በመቶ ማለት ነው። ከ50 በመቶ በላይ ካበጠ ባለሙያ ጥራ።

የተለመደው መፍትሔ ዋልካውን አውጥቶ ገረጋንቲ፣ ማለትም የማያብጥ ጠጠራማ አፈር፣ መሙላት ነው። ኮንትራክተሩ ይህን ያውቃል። ሪፖርቱ የሚረሳው ሌላ ነገር ነው። የወጣው ዋልካ የት ሄደ? ብዙ ጊዜ ማታ ማታ በሲኖ ተጭኖ ወንዝ ዳር ይደፋል። በመጀመሪያው ዝናብ ወንዙ ውስጥ ይገባል፣ ቱቦ ይደፍናል፣ ታች ያለውን ሰፈር ያጥለቀልቃል። የመድፊያው ቦታ በስምና በካርታ ካልተጻፈ ግምገማው ግማሽ ነው።

ለም አፈርን ማዳን ይቻላል ወይስ ወሬ ነው?

ይቻላል፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን ካልታሰበ አይሆንም።

ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ሄክታር ላይ 20 ሳንቲም ለም አፈር ካለ 2,000 ሜትር ኩብ ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ 125 ምልልስ። አሥር ሄክታር ሲሆን 1,250። ይህ ገንዘብ ነው፣ ቦታም ይፈልጋል። በበጀት ላይ ካልተያዘ ዶዘሩ ከታችኛው ሸክላ ጋር ቀላቅሎት ያልፋል፤ ከተቀላቀለ በኋላ መለየት የለም።

አያያዙም ወግ አለው። ከዝናብ በፊት፣ ደረቅ ሳለ ይነሳል። ከሥር ካለው አፈር ለብቻ ይከመራል። ክምሩ ከ2 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ከሥር ያለው ታፍኖ ይሞታል። መኪና አይወጣበትም። ዓመት የሚቆይ ከሆነ ሣር ይዘራበታል። መጨረሻ ላይ ወደ ካባው፣ ወደ ተቆረጠው ተዳፋት፣ ወይም ለጎረቤት ገበሬ ይመለሳል። ለጎረቤት ገበሬ የሚለውን ሳቀርብ ባለ ፕሮጀክቶች ግር ይላቸዋል። ለምን? እሱ እኮ አፈሩን በዶማ ይቀበልሃል።

ለምን ይህን ያህል እንደምደክም ለሚጠይቅ፣ በደጋው እርሻ ላይ በዓመት ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን ገደማ አፈር ይታጠባል የሚለው ግምት ለዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል። በውፍረት ሲታሰብ 3.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በሦስት ዓመት አንድ ሳንቲም። ያቺን አንድ ሳንቲም ለመሥራት ተፈጥሮ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅባታል።

መንገድ ሠርታችሁ ቦረቦር አመጣችሁብን የሚሉ ገበሬዎች አሉ። እውነት ነው?

ብዙ ጊዜ እውነት ነው።

መንገድ ከመውጣቱ በፊት የዝናቡ ውሃ በተዳፋቱ ላይ ተበትኖ ይወርድ ነበር። መንገዱ ይጠልፈውና በቦይ ሰብስቦ ከመንገዱ ሥር በተሠራ አንድ የውሃ ማሳለፊያ፣ በካልቨርት፣ ያሳልፈዋል። የአሥር ማሳ ውሃ በአንድ ማሳ ላይ ተደፋ። በመጀመሪያው ክረምት ከካልቨርቱ አፍ ሥር ጎድጓዳ ታያለህ፣ የእንስራ ያህል። በሁለተኛው ዓመት ፍየል ትገባበታለች። በአምስተኛው ዓመት በሬ ገብቶ አይወጣም። ዋልካ ላይ ከሆነ ደግሞ ከላይ ብቻ አይደለም፣ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር እየቦረቦረ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ይታወቃል። የካልቨርቱን ብዛት መጨመር፣ አፉ ላይ ድንጋይ መደርደር፣ ውሃውን እስከ ወንዙ ድረስ በቦይ ማድረስ። ችግሩ የመንገዱ ውል ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ማለቁ ነው። ግምገማው «ውሃው ከዚህ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ወንዝ እስኪያገኝ መከተል አለበት። እኔ ይህን በእግሬ ነው የማደርገው። ካልቨርቱ አፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል እሄዳለሁ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

የመሬት መንሸራተትን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

ቀኑን አይደለም። ቦታውን ግን ብዙ ጊዜ አዎ።

ሐምሌ 2016 ላይ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከከባድ ዝናብ በኋላ ተዳፋቱ ወረደ። ሊረዱ የሮጡትን ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ያ አደጋ የተነሣው በዝናብ ነው። ለግምገማ የሚሰጠው ትምህርት ግን አለ። መጀመሪያ የተንሸራተተ ቦታ ደግሞ ይንሸራተታል።

ምልክቶቹ ለዓይን ይታያሉ። ዛፎች ከግንዳቸው ጎንበስ ብለው ወደ ላይ ይቃናሉ። የአጥር መስመር ይጎብጣል። ተዳፋቱ ላይ ደረጃ የመሰለ ስብራት ይኖራል። በጋ ላይ እንኳ እርጥብ የሆነ ቦታ አለ፣ ቄጠማ የበቀለበት። ከላይ የሚሰባበር ባዛልት፣ ከሥሩ ሸክላ ወይም አመድማ ድንጋይ ካለ ደግሞ ውሃው ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ይሄዳል። እዚያ ነው የሚያንሸራትተው። ደሴ፣ ደብረ ሲና፣ የዓባይ በረሃ፣ ሁሉም የዚህ ታሪክ ልጆች ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የተጓዘ ሰው የሚወዛወዘውን አስፋልት ያውቀዋል። ስንት ጊዜ ታደሰ? አስፋልቱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ተዳፋት ነው የሚሄደው።

ፕሮጀክት ሦስት ነገር ሲያደርግ ይህን ያባብሳል። እግሩን ሲቆርጥ፣ ራሱ ላይ አፈር ሲከምር፣ ውሃ ሲያስገባበት። ሪፖርት ላይ እነዚህን ሦስቱን ፈልጉ።

መሬት መንቀጥቀጥ የአካባቢ ተፅዕኖ ነው? ፕሮጀክቱ አያመጣው!

አብዛኛው ፕሮጀክት አያመጣውም። ግን ሲመጣ ፕሮጀክቱ ምን ይለቃል? የነዳጅ ማጠራቀሚያ፣ የኬሚካል ገንዳ፣ የማዕድን ዝቃጭ የታሰረበት ግድብ ካለ፣ ያ ተፅዕኖ ነው።

ለኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ። በመስከረም 1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ በቀናት ውስጥ ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርዝመት መሬት ተከፈተ፣ በቦታው እስከ 8 ሜትር ድረስ። በ2017 ደግሞ አዋሽ ፈንታሌ ወራት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ከረመ። በየካቲት ወደ 6 የሚጠጋ ሆነ፤ አዲስ አበባ ላይ አልጋ ያወዛወዘው እሱ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሣ። ከሰም ግድብና የስኳር እርሻውም እዚያው አካባቢ ነው። በዚያ ሰሞን ስልኬ አላረፈም።

ሪፖርት ላይ «አካባቢው የመንቀጥቀጥ ቀጠና ውስጥ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻ ካለ ምንም አልተባለም። የቀጠናው ቁጥር፣ የታወቁ ስንጥቆች ርቀት፣ ከሥር ያለው አፈር ንዝረቱን ያጎላዋል ወይስ አይደለም፣ እነዚህ መጻፍ አለባቸው። ልቅ ደለል ላይ የቆመ ቤት አለት ላይ ካለው ይበልጥ ይናወጣል።

የመስኖ ፕሮጀክት አፈር ያለማል እንጂ ምን ያበላሻል?

ጨው ይበላዋል። ቆላ ላይ ውሃ ታጠጣለህ፣ ውሃው በፀሐይ ይተንናል፣ ጨው ይቀራል። የማፋሰሻ ቦይ ከሌለ ደግሞ የከርሰ ምድሩ ውሃ በየዓመቱ ከፍ እያለ ይመጣና ሥር ላይ ይደርሳል። መካከለኛው አዋሽ አሚባራ ላይ የጥጥ እርሻ በዚህ መንገድ ተጎድቷል። ነጭ ቅርፊት የለበሰ ማሳ በዓይኔ አይቻለሁ። በረዶ የወረደበት ይመስላል።

በሰቃ ሐይቅን ውሰዱት። መተሐራ አጠገብ ነው። በ1950ዎቹ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ውሃው ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ነው። መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ገፍቷል፣ የሸንኮራ ማሳም ወስዷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ከዙሪያው መስኖ የሚሰርገው ውሃ ነው፤ የስምጥ ሸለቆው ጂኦሎጂም እጁ አለበት። ሁለቱን ለያይቶ ያጠና ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው።

ግድብና ዋሻ ላይ ትልቁ አደጋ ምንድን ነው?

ያልታየ የአለት ስብራት። ግልገል ጊቤ 2ን አስታውሱ። ውሃ የሚያሻግረው ዋሻ ወደ 26 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በቁፋሮው ጊዜ መሣሪያው ስብራት ያለበት ቦታ ላይ ደርሶ በግፊት የመጣ ጭቃ ያዘው። ሥራው ለብዙ ጊዜ ተጓተተ። ጥር 2002 ተመረቀ፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። ከተራራ ሥር ሁሉንም ቀድሞ ማየት አይቻልም፣ ይገባኛል። ግን በየስንት ሜትሩ ነው የተቆፈረው የሚለው ጥያቄ ለዚያ ነው የሚጠየቀው።

ትንንሽ ግድቦችም አይታለፉም። ትግራይ ውስጥ ከተሠሩት መካከል ውሃ ያልያዙ አሉ። ሥራቸው ላይ ያለው የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ አለበትና ውሃው ከሥር ሾለከ። ጎንደር አንገረብና ቆቃ ላይ ደግሞ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከላይ የመጣው ደለል የውሃውን ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ የግድብ ግምገማ ግድቡ ሥር ያለውን አለት ብቻ ሳይሆን ከግድቡ በላይ ያለውን ገበሬ ማሳም ማየት አለበት።

ካባና ቀይ አሽ (ለግንባታ የሚውል ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) የሚወጣበት ቦታ በሪፖርቱ ይካተታል?

መካተት አለበት። ብዙ ጊዜ «ከገበያ ይገዛል» ተብሎ ይታለፋል። ገበያው ያው ከተራራ ነው የሚያመጣው። ሲያልቅ የሚቀረው ጉድጓድ በክረምት ውሃ ይሞላል፣ ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ። ማን ይሞላዋል፣ በማን ገንዘብ፣ መቼ? መልሱ በአንድ መስመር መጻፍ አለበት።

ለጥናት የሚሻለው ወቅት የቱ ነው?

ሁለቱም። ቁፋሮ በበጋ ይቀላል፣ እውነቱ ግን በክረምት ይወጣል። አንድ ጉብኝት ብቻ ካለ በነሐሴ ይሁን እላለሁ። ቡትስ ይዛችሁ ኑ።

የአካባቢው ገበሬ የሚለው በሪፖርት ላይ ይጻፋል?

እኔ ከካርታው በፊት እሱን ነው የምጠይቀው። ገበሬው አፈሩን በስም ያውቀዋል፣ ዋልካ፣ መረሬ፣ ቀይ አፈር፣ ቦዳ። የቱ ቶሎ እንደሚደርቅ፣ የቱ ላይ በሬ እንደሚሰጥም ይነግርሃል። አንዴ አንድ አባት ምርጥ ተብሎ የተመረጠውን ሜዳ እያየ «ይኼ እኮ በየአሥር ዓመቱ ይተኛል» አለኝ። ውሃ ይተኛበታል ማለቱ ነው። የሙከራ ጉድጓድ አስቆፈርን። ከ80 ሳንቲም በታች ያው ዝገት የመሰለው ነጠብጣብ ነበር። ፋብሪካው 300 ሜትር ወደ ላይ ተዛወረ።

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። በሕዝብ ውይይት ላይ ምን ልጠይቅ?

ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ጉድጓዶቹ የት የት እንደተቆፈሩ ካርታ ላይ አሳዩኝ በላቸው። በየትኛው ወር እንደተቆፈሩ ጠይቅ። ከግቢያችሁ የሚወጣው ውሃ በማን ማሳ ያልፋል በል። የሚነሣው ለም አፈር ስንት ሜትር ኩብ ነው፣ የት ይቀመጣል፣ ለማን ይመለሳል በል። ቁጥር ካልሰጡህ አልተለካም ማለት ነው። መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ መያዙንም ሳታይ አትፈርም።

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ይህ ሁሉ ያበቃል?

የለም። ፈቃዱ ላይ የተጻፉ ግዴታዎች አሉ። ከእነሱ ውስጥ ለም አፈር ማስቀመጥና ተዳፋት ማጠናከር ቶሎ ይረሳሉ፣ ምክንያቱም ኮንትራክተሩ በመጀመሪያው ወር ነው መሬት የሚጠርገው፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ በሦስተኛው ወር ነው የሚመጣው። ሲደርስ አፈሩ ሄዷል። እኔ አሁን አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ዶዘሩ የሚገባበትን ቀን ጠይቄ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቦታው እገኛለሁ፣ ሜትር ይዤ።